ፍሪሲዮኔ ጠዋት ጠዋት ወለል ይነካል፣ ካምቢዮ ይውረድ ተብያለሁ (አሮጌ ሃይሉክስ፣ ደሴ)

የጦሳ ልጅ | እሑድ ማታ 2፡40

ሰላም ናችሁ? መኪናዋ ሃይሉክስ ናት፣ በፈረንጅ 1992 ሞዴል፣ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። ከአባቴ የቀረችኝ ናት፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ዕቃ እየጫንኩ እንጀራ የምበላባት።

ችግሩ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጠዋት አስነስቼ ፍሪሲዮን ስረግጥ ፔዳሉ ያለ ምንም ጉልበት ወለል ይነካል። አንደኛ ማርሽ አልገባም ይላል። የኋላ ማርሽማ ክርርር ብሎ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ግን ፔዳሉ ይነሳና እንደ ምንም ብዬ እወጣለሁ። ደግሞ ፒያሳ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ረግጬ ስጠብቅ መኪናዋ ቀስ እያለች በራሷ ወደ ፊት ትሄዳለች። ትናንት ፍሬን ባልይዝ የፊቴን ባጃጅ ስማው ነበር።

እስካሁን የፍሪሲዮኑ ታችኛው ፖምፓ ተቀይሯል (ርካሹን ነው የገዛሁት፣ አትሳደቡ)፣ አየርም ወጥቷል። ሁለት ቀን ደህና ሆነችና ተመለሰባት። የሚገርመኝ የፍሪሲዮኑ ዘይት አይቀንስም። ያሳየሁት ጋራዥ «የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» አለኝ። የገንዘቡ ሲገርመኝ ሁለት ቀን ከሥራ መቆም አለበት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቱርቦ | እሑድ ማታ 2፡52

ሸራ ነው ወንድሜ። የዚያ ዘመን መኪና ሸራው እስካሁን መቆየቱም ተአምር ነው። አስወርደውና ኩሽኔታውንም አብረህ ቀይር፣ ትገላገላለህ።

አሮጌ ካቻቢቴ | እሑድ ማታ 3፡30

የጦሳ ልጅ፣ ካምቢዮውን አታስወርድ። ቢያንስ ገና ነው።

ሸራ ማለቅና ፍሪሲዮን አለመልቀቅ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፣ ሰው ግን ሁልጊዜ ያቀላቅለዋል። ሸራዋ ያለቀባት መኪና ማርሹ በደንብ ይገባላታል። የእሷ ጣጣ ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ስትሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትሄድም፣ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ጭነህ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ስትወጣ እንዲህ ትሆናለች? ካልሆነች ሸራህ ሥራ ላይ ነው። ያንተ ተቃራኒው ነው፣ ትረግጣለህ ግን ሸራው ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ብረት) አይላቀቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፔዳሉ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ዘይቱ በቀጭኑ የብረት ቱቦ ወርዶ መጨረሻ ላይ ባለችው የጎማ ቱቦ በኩል ካምቢዮው ጎን ያለው ታችኛው ፖምፓ ይደርሳል፣ እሱ ሹካውን ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ያኔ ሸራው ይላቀቃል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ አየር ካለ ወይም ዘይቱ የሚያመልጥበት ካገኘ የእግርህ ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል።

ዘይቱ ሳይቀንስ ፔዳሉ ከወረደ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ላይኛውን ፖምፓ ነው። የፒስተኑ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ውጭ አይፈስም። በጎሚኒው ጠርዝ ሾልኮ ተመልሶ ወደ ዘይት ማስቀመጫው ይሄዳል። መሬት ላይ ጠብታ ብትፈልግ አታገኝም። ረግጠህ ቆመህ መኪናዋ የተንቀሳቀሰችው ለዚህ ነው። እግርህ ባለበት እያለ ታች ያለው ፒስተን እየተመለሰ ነው። ጠዋት የሚብሰው ደግሞ ጎማ ብርድ ሲመታው ስለሚደርቅ ነው። የደሴ ጠዋት ደግሞ ታውቀዋለህ። እኔ እዚህ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብዬ ነው ያለሁት፣ ከደሴ የሚመጡ መኪኖች እኔ ጋ ሲደርሱ «አሁንማ ደህና ሆነች» ይሉኛል። አልዳነችም፣ ሞቋት ነው።

ሰኞ ገበያ | እሑድ ማታ 4፡05

የጋሼ ካቻቢቴ ነገር ትክክል ነው፣ ግን «ዘይት አይቀንስም» የሚለውን አጣራ። እኔም ከሐይቅ አትክልት የማመላልስበት ፒክአፕ አለኝ። ለወራት አይቀንስም እያልኩ ስምል ነበር። ለካ ታናሽ ወንድሜ መኪናዋን ባጠበ ቁጥር ሳይነግረኝ ይጨምርላታል! ዘይቱ ደግሞ በፔዳሉ ዘንግ በኩል ወደ ውስጥ እየወረደ ምንጣፉ ይጠጣው ነበር።

ምንጣፉን አንሳና ዘንጉ በግድግዳው የሚገባበትን ቦታ በነጭ ሶፍት ጥረገው። ከረጠበ ወይም እዚያ አካባቢ ቀለሙ ከላጠ መልሱን አገኘህ። ፍሪሲዮኑ የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። የእኔ ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ ነበር።

ቱርቦ | እሑድ ማታ 4፡11

ዘይቱ በጎሚኒው ካመለጠ ወፈር ያለ ነገር ጨምርበታ። ትንሽ የሞተር ዘይት ቀላቅል፣ ጎሚኒውንም ያለሰልሰዋል።

አሮጌ ካቻቢቴ | እሑድ ማታ 4፡20

ያረቢ! ማንም ይህን እንዳያደርግ!

የፍሪሲዮንና የፍሬን ጎሚኒ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግራሶ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ሊጥ ይሆናል። ቱርቦ ልክ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ሰውየውም «ዳነች» ብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ያበጠው ጎሚኒ ፒስተኑን ይዞ አልለቅም ይላል። ያኔ ማጠብ አያድንም። ላይኛው፣ ታችኛው፣ የጎማ ቱቦው፣ ጎማ ያለበት ሁሉ ይቀየራል። የሚጨመረው ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ነው፣ ካጣህ ዶት 4፣ ሁለቱ ይስማማሉ። ዶት 5 የሚል ካየህ ተወው፣ ሲሊኮን ነው፣ አይቀላቀልም።

ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም አትግዛ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ለፍሪሲዮን ብዙም ላይታይ ይችላል፣ ለፍሬን ግን ሐረጎን ቁልቁል ስትወርድ ነፍስ ነው። ከዚያው ጠርሙስ ለሁለቱም ስለምትጨምር ነው የምነግርህ።

የጦሳ ልጅ | ሰኞ ጠዋት 1፡15

አመሰግናለሁ ጋሼ። ምንጣፉን አነሳሁ። ትንሽ ወዝ ቢጤ አለ፣ የረጠበ የሚባል አይደለም። ቀለሙ ግን ከዘንጉ ሥር በአውራ ጣት ያህል ላጥ ብሏል። ዘይቱን በጣቴ ነካሁት፣ እንደ ቡና ጠቁሯል።

ታዲያ ላይኛው ነው ብዬ ልግዛ? አሁንም ተሳስቼ ብር እንዳልበትን ፈራሁ።

አሮጌ ካቻቢቴ | ሰኞ ጠዋት 1፡40

ሳትገዛ ሁለት ነገር ፈትሽ።

አንደኛ፣ ሰው ጥራና ፔዳሉን ያስረግጥልህ፣ አንተ ከሥር ገብተህ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ እይ። (ክሪክ ብቻ አምነህ ከሥሯ እንዳትገባ! ድጋፍ አድርግ፣ ጎማውንም ድንጋይ ደግፍ።) ዘንጉ ወጥቶ ይቁም፣ ሰውየው እግሩን ሳያነሳ አንድ ደቂቃ ይጠብቅ። ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ግፊት እያመለጠ ነው። በእኔ ልምድ ከ1 ሴንቲ በታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ማርሽ በሰላም አይገባም።

ሁለተኛ፣ የጎማዋን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለህ በማጠፊያ ቀስ ብለህ ያዛት። እንዳትጨፈልቃት። ከዚያ ፔዳሉን ይርገጥ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ደርቆ ከቆመ ላይኛው ጤነኛ ነው፣ ጣጣው ከማጠፊያው በታች ነው። ታፍናም ፔዳሉ ከሰመጠ ግን ዘይቱ ወደ ታች መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ የሚያመልጠው ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ነው። ቱቦዋ አርጅታ የተሰነጣጠቀች ከሆነች ይህን አትሞክር፣ እሷንም ቀይራት። ለነገሩ አሮጌ ቱቦ በውስጡ አብጦ ዘይቱን እንዳይመለስ የሚይዝበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ፔዳሉ ለመነሳት ይዘገያል። ያንተ እንደዚያ አይመስልም።

የጦሳ ልጅ | ሰኞ ማታ 1፡30

ሞከርኩ! ታናሽ እህቴ ረገጠችልኝ። ዘንጉ ወጣ፣ ግን የጣት ጥፍር ያህል ብቻ። ቆይቶ ተመለሰ፣ በዓይኔ እያየሁት። ቱቦዋን ያዝኳት፣ እህቴ «ኧረ ይሄው እየሰመጠ ነው» አለች። ላይኛው ነው ማለት ነው አይደል? ካምቢዮ ላወርድ ነበር እኮ ወላሂ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ሙሉ ፖምፓ ልግዛ ወይስ ጎሚኒ ብቻ ልቀይር?

የቦርከና ቶርኖ | ሰኞ ማታ 2፡10

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፣ በቀን ሁለት ሦስት ፖምፓ «ጥረግልኝ» ተብሎ ይመጣልኛልና።

ጎሚኒ መቀየር ይቻላል፣ የሚወስነው የፖምፓው ውስጥ ግድግዳ ነው። ፍታው፣ በንጹሕ የፍሬን ዘይት እጠበው፣ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እይ። ዘይቱ የጠጣው ውሃ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጥፍርህን በላዩ ሳበው። ጥፍርህን ከያዘው ጣለው። ስስ ጥቁረት ብቻ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ክብ ክብ እያደረግህ ትጠርገዋለህ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አትፈትገው፣ ዘይት የሚሾልክበትን መንገድ ራስህ ትሠራለታለህ።

«በቶርኖ አስፋልኝና ትልቅ ጎሚኒ ላስገባ» የሚሉኝም አሉ። አልሠራም። ገንዘብ ስጠላ አይደለም፣ ተመልሶ እኔው ላይ ስለሚመጣ ነው።

አዲስ ከገዛህ የቀዳዳውን ስፋት ከአሮጌው ጋር አስለካ። ብዙ ጊዜ አካሉ ላይ ይጻፋል፣ 5/8 ኢንች ከሆነ 5/8 ግዛ። ቡሎኑ ስለገጠመ ብቻ አትመነው። ጠበብ ያለ ከገባ በአንድ ርግጫ ወደ ታች የሚሄደው ዘይት ያንሳል፣ አየሩን ብታወጣም ብታወጣም ማርሹ ይፈጫል። በዚህ ሦስት ጊዜ አየር ሲያስወጣ የከረመ ሰው አውቃለሁ።

የጦሳ ልጅ | ማክሰኞ ቀን 7፡20

ከፈትኩት። ጥፍሬን ያዘው፣ ያውም ሁለት ቦታ። ጎሚኒው ጠርዙ አይጥ የበላው ቆዳ መስሏል።

ደሴ ውስጥ ሁለት ዓይነት አገኘሁ። አንዱ ቀላል ነው፣ ምንም ጽሑፍ የለውም። ሌላው መጠኑ ተጽፎበታል፣ ዋጋውን ሲነግረኝ ግን አስነጠሰኝ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላስመጣ ብል ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሹፌር ለምኜ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ። በመጨረሻ የሚያስነጥሰውን ገዛሁ። ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ጭነት ስላለብኝ ዛሬ ካልገባ እንዲሁ ይዣት ልወርድ ነው።

ባለ ሐረጎ | ማክሰኞ ቀን 7፡45

እንዲሁማ ጭነህ አትውረድ! ያለ ፍሪሲዮን ሜዳ ላይ መሄድ ይቻላል፣ እኔም አንዴ ከሐርቡ ኮምቦልቻ ገብቼበታለሁ። ሞተር አጥፍተህ አንደኛ ታስገባለህ፣ በሞተሪኖው ታስነሳለህ፣ መኪናዋ እየተንገጫገጨች ትነሳለች። ፊትህ ባዶ መሆን አለበት፣ ስትነሳ ነው የምትሄደው። ከዚያ ነዳጁን ለቀቅ እያደረግህ የሞተሩ ድምፅ ሲስማማ ማርሹ ራሱ ይገባልሃል።

ሐረጎ ግን ሌላ ነው። ጥምዝምዙ መሀል ማርሽ መቀነስ ፈልገህ እምቢ ካለህ ባዶ ላይ ቀረህ ማለት ነው። ሞተሩ አይዝህም፣ ጭነቱ ይገፋሃል፣ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ከላይ ሁለተኛ አስገብተህ እስከ ታች ባትነካውስ? ይቻላል። ግን መሀል ላይ የቆመ አይሱዙ ቢያጋጥምህስ? ጭነቱን ለሌላ ሰው ስጥ፣ አንድ ቀን ነው።

አሮጌ ካቻቢቴ | ማክሰኞ ቀን 8፡30

ባለ ሐረጎ ያለውን ስማ።

ስትገጥመው ፖምፓውን ከመኪናው ላይ ከመስቀልህ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘይት ሙላበትና ፒስተኑን በካቻቢቴ ቀስ እያልክ ግፋው፣ የቱቦውን ቀዳዳ በጣትህ እየከደንክ እየከፈትክ፣ አረፋው እስኪያልቅ። ይህን የዘለለ ሰው ግማሽ ቀን ፔዳል ሲረግጥ ይውላል።

ከዚያ ታች አየር ማውጫዋ ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰክተህ ጫፏን ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይት ውስጥ ንከራት። እህትህ ትርገጥና ትያዝ፣ አንተ ፍታ፣ ዘይቱ ይውጣ፣ እሰር፣ ከዚያ ብቻ ትልቀቅ። ሳታስር ከለቀቀች አየሩን መልሳ ትስባለች። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ ራሱ አይነሳም፣ በእጇ ታንሳው። የላይኛው ዘይት እንዳያልቅ እያየህ። ካለቀ ከዜሮ ነው።

እንዲህም ሆኖ ልስልስ ካለ አንድ ዘዴ አለ። የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ በእጅህ ወደ ውስጥ ቀስ ብለህ ግፋው። አረፋ ተፈጥሮው ወደ ላይ ነው፣ ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ስትገፋው አብሮ ወጥቶ ላይኛው ማስቀመጫ ውስጥ ብልጭ ሲል ታየዋለህ። ክዳኑን ግን ከፍተህ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ሸፍነህ፣ ይረጫልና። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠበው።

የጦሳ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡00

ገባ! አየሩም ወጣ፣ ያቺ ከታች መግፋት ሠራችልኝ፣ ሦስት ትልልቅ አረፋ ወጣ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለመሰለኝ የፔዳሉን ዘንግ ዳዶ ፈትቼ አስረዘምኩት። አሁን ገና ስነካው ይይዛል፣ እንደ አዲስ መኪና። የኋላ ማርሽ ድምፅ የለውም። እናቴ «ዛሬ መኪናህ አልጮኸችም» አለችኝ። ዱዓ ይገባችኋል ሁላችሁም።

የጦሳ ልጅ | ሐሙስ ቀን 9፡10

ኧረ ጉድ ሆንኩ። ትናንት ወርጄ ተመለስኩ፣ ደህና ነበረች። ዛሬ ሲሚንቶ ጭኜ ሐረጎን ስወጣ ግማሽ ላይ ሞተሩ ይጮኻል መኪናዋ አትሄድም። የተቃጠለ ሽታ። ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ሸራው ነው እንዴ በመጨረሻ?

ቱርቦ | ሐሙስ ቀን 9፡13

አላልኩም!!

አሮጌ ካቻቢቴ | ሐሙስ ቀን 9፡20

አብሽር፣ አትሸበር። ማክሰኞ ጽፈህ ሳላይብህ አልፌው ነው፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ዘንጉን አስረዝሜ «ስነካው ይይዛል» ብለሃል። እሱ ነው።

ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል፣ በጣትህ ስትገፋው ምንም ሳይይዝ ጥቂት ሚሊ የሚሄድ። ያ ባዶ ቦታ ከሌለ የላይኛው ፖምፓ ፒስተን እስከ መጨረሻው አይመለስም። ካልተመለሰ ዘይቱ ወደ ማስቀመጫው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተደፍና ትቀራለች። ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ይሰፋል፣ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ታችኛውን ይገፋዋል። አንተ እግርህን ባታሳርፍም መኪናዋ ፍሪሲዮን በግማሽ እንደተረገጠ ትሄዳለች። ትናንት ያልታየው ጭነትህ ቀላል ስለነበር ይሆናል።

መጀመሪያ ትብረድ። ከዚያ የዘንጉን ዳዶ ፈትተህ ዘንጉን አሳጥረው፣ ፔዳሉ ላይ ትንሽ ጨዋታ እስክታገኝ። ማረጋገጥ ከፈለግህ ከማሳጠርህ በፊት ታች አየር ማውጫዋን ለቅጽበት ፈታ አድርጋት። ሳይረገጥ ዘይት ቺር ብሎ ከወጣ እዚያ ግፊት ታምቆ ነበር ማለት ነው።

የጦሳ ልጅ | ሐሙስ ማታ 12፡50

ደሴ ገብቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ፈታ ሳደርጋት ቺር አለች ጋሼ፣ ፊቴ ላይ! ዘንጉን ሁለት ዙር ያህል አሳጠርኩት፣ ፔዳሉ አሁን ትንሽ ባዶ ይሄድና ይይዛል። የቀረውን ዳገት በሁለተኛ ወጣሁት፣ አልተንሸራተተችም። ሽታው ግን እስከ ሸዋ በር ድረስ አብሮኝ ነበር።

አሮጌ ካቻቢቴ | ሐሙስ ማታ 1፡15

ሸራህ ትንሽ ሳይቃጠል አልቀረም፣ ግን አይገድለውም። አንድ ሳምንት ከባድ አትጫንባት። ፊትህን በብዙ ውሃ ታጠብ፣ ዓይንህ ከገባ ቀልድ አይደለም፣ ካቃጠለህ ጤና ጣቢያ ሂድ። ያቺን ርካሽ ታችኛ ፖምፓ ደግሞ በየሳምንቱ የጎማ ሽፋኗን ገለጥ እያደረግህ እያት፣ ከረጠበች ሳትለምንህ ቀይራት።

ሰኞ ገበያ | ሐሙስ ማታ 1፡22

ዘይቱን በድብቅ የሚጨምር ወንድም ካለህም ንገረው።

የጦሳ ልጅ | ሐሙስ ማታ 1፡30

ወንድም የለኝም፣ እህቴ ናት ያለችኝ። እሷ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ፔዳል መርገጫ በሰዓት ይከፈለኝ ብላለች።